የአንድ ክንድ ዕድሜ

የቤዝቦል ወርዋሪን የሚያስከብረው ፍጥነት፣ ክንዱን የሚጨርሰውም ፍጥነት ነው። በዋሽንግተን ሜዳ የጀመረ የአንድ ሰው ታሪክ የሙያውን ዋጋ ያሳያል።

ጁን 8 ቀን 2010፣ ማክሰኞ ምሽት። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያለው ናሽናልስ ፓርክ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለሜዳው ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ያለፉትን ሁለት የውድድር ዓመታት የጨረሰው ከአሜሪካ ትልቁ ሊግ ቡድኖች ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ነው። በአዘቦቱ ጨዋታ ባዶ ወንበር አይታጣም። የዛሬው ሕዝብ ግን ቡድኑን ብሎ አልመጣም፤ አንድ ክንድ ሊያይ ነው የመጣው።

የክንዱ ባለቤት ስቲቨን ስትራስበርግ ይባላል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ የመጀመሪያው ተመራጭ እሱ ነበር። የፈረመው የ15.1 ሚሊዮን ዶላር ውል እስከዚያ ቀን ለአዲስ ተመራጭ ተከፍሎ የማያውቅ ነው። በዚህ ምሽት በሜዳው መሐል ካለችው የአፈር ጉብታ ላይ ወጣ፤ ፈጣን ኳሶቹም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበሩ ጀመር። ሰባት ኢኒንግ (ዙር) ወርውሮ የተጋጣሚውን የፒትስበርግ መቺዎች 14 ጊዜ፣ ኳሷን በወጉ ሳይመቷት፣ በስትራይክ አሰናበተ። የመጨረሻዎቹ ሰባቱ የወጡት በተከታታይ ነው። በነፃ ያሳለፈው አንድም ሰው አልነበረም።

ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ኦገስት 21 ቀን ፊላደልፊያ ላይ አንድ ኳስ እንደወረወረ ፊቱ በሕመም ተኮማተረ፤ ክንዱን አራገፈ፤ የሕክምና ባለሙያው ከዳር ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ። የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሊያየው የመጣው ክንድ ገና በአሥራ ሁለተኛ ጨዋታው ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስለ ቤዝቦል ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዕውቀት አለው። የዋሽንግተን ታክሲ ነጂዎች ጨዋታ ያለበትን ምሽት አስቀድመው ያውቃሉ፤ ማን እንዳሸነፈም ከተሳፋሪው ፊት ያነባሉ። ወላጆች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መናፈሻዎች የልጆቻቸውን ጨዋታ ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ሆነው ይከታተላሉ። ወርዋሪ ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኝ ያልሰማ የለም። የገንዘቡ ምንጭ ምን እንደሆነ፣ ክንዱስ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ግን ብዙም አይወራም።

## ከጉብታው እስከ ዱላው

ቤዝቦል ከሩቅ ለሚያየው የቆመ ጨዋታ ይመስላል። ተከላካዮች በሜዳው ተበታትነው ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይቆማል፤ ዓይን ሁሉ ወርዋሪው ላይ ነው። እሱ ካልወረወረ ምንም ነገር አይጀመርም።

ጉብታዋ ከሜዳው 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ትላለች፤ መቺው ከሚቆምበት ሥፍራም 18.44 ሜትር ትርቃለች። ወርዋሪው ግን ሲወረውር ረዥም እርምጃ ወደፊት ስለሚራመድ፣ ኳሷ ከጣቶቹ ስትለቀቅ የሚቀራት መንገድ 17 ሜትር አይሞላም። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን ርቀት በ0.4 ሴኮንድ ገደማ ታልፈዋለች። መቺው በዚህች ቅጽበት ኳሷን አይቶ፣ ዓይነቷን ለይቶ፣ ልምታት ወይስ ልለፋት ብሎ ወስኖ ዱላውን ማዞር አለበት።

ይሁንና ፍጥነት ብቻውን ማንንም አያኖርም። የትልቁ ሊግ መቺዎች ቀጥ ብላ የምትመጣ ኳስ ምንም ያህል ብትፈጥን ደጋግመው ካዩዋት ያገኟታል። ስለዚህ ወርዋሪው ማታለል አለበት፤ ማታለያውም ያለው በጣቶቹና በኳሷ ስፌት መካከል ነው። ወደ ኋላ እየተሽከረከረች የምትሄድ ፈጣን ኳስ አየሩ ስለሚደግፋት መቺው ከገመተው በላይ ከፍ ብላ ትደርሳለች። ከርቭቦል የምትሽከረከረው ወደፊት ነው፤ ዱላው ጋ ስትደርስ ወደ መሬት ትወድቃለች። ቼንጅአፕ ደግሞ ከሁሉም ተንኮለኛዋ ናት፤ ክንዱ እንደ ፈጣኗ ኳስ ይወነጨፋል፣ ኳሷ ግን ትዘገያለች፤ መቺው ቀድሞ አየሩን ይመታል። ስትራስበርግ ሦስቱም ነበሩት።

ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ በየአምስት ቀኑ ወጥቶ መቶ ያህል ኳስ ይወረውራል። በመሐል ያሉት ቀናት የዕረፍት ይምሰሉ እንጂ ሥራው ያለው እዚያ ነው። በማግስቱ ክንዱ ይከብዳል፣ ጣቱን ማጠፍ እንኳ ያመዋል። ይሮጣል፣ ይታሻል፣ የትከሻውን ትንንሽ ጡንቻዎች በላስቲክ ገመድ ያጠነክራል። በመሐሉ አንድ ቀን ከሜዳው ዳር ሆኖ ጥቂት ኳሶች ለመለማመጃ ይወረውራል። ከዚያ ቀጣዮቹን ተጋጣሚዎች በቪዲዮ ያጠናል፤ የቱ መቺ ወደ ውስጥ የምትገባ ኳስ እንደሚያስቸግረው፣ የቱ ደግሞ የመጀመሪያዋን ኳስ ሳያልፍ እንደሚመታ ይለያል። አምስተኛው ቀን ሲደርስ ክንዱ ገና ሙሉ በሙሉ ያላገገመበት ጊዜ ብዙ ነው። የቆዩ ወርዋሪዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ምንም ሳይሰማህ የምትወረውርበት ቀን በዓመት ውስጥ ጥቂት ነው።

> ምንም ሳይሰማህ የምትወረውርበት ቀን በዓመት ውስጥ ጥቂት ነው።

## በክርን ውስጥ ያለችው ማሰሪያ

ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያወናጭፍ ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከመው ገመዱ ነው። ገመዱ ቢበጠስ ሌላ ይገመዳል። የቤዝቦል ወርዋሪ ገመዱን የሚሸከመው በገዛ ክርኑ ውስጥ ነው። በክርን የውስጠኛው ጎን፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር የምታያይዝ፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ጅማት አለች። ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ አጥፎ ወደፊት ሲለቀው ትከሻው በሴኮንድ ከ7,000 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ፍጥነት ይዞራል። የሰው አካል ሲያደርገው ከተለካ እንቅስቃሴ ሁሉ ይህ ከፈጣኖቹ ፈጣን ነው። በየውርወራው ያቺ ጅማት እስከ መበጠሷ ጫፍ ትወጠራለች። የምትተርፈው ዙሪያዋን ያሉት ጡንቻዎች ሸክሙን ስለሚካፈሏት ነው። ጡንቻዎቹ ሲደክሙ ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል።

በድሮው ዘመን ይህች ጅማት ከተበጠሰች ሙያው አብሮ ይበጠስ ነበር። ክርኑ በሌላ መንገድ ለተጎዳም ብዙ ጊዜ መፍትሔ አልነበረም። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ሳንዲ ኩፋክስ በ1966 በሊጉ ተወዳዳሪ ያልነበረው ወርዋሪ ነበር፤ በዚያ ዓመት 27 ጨዋታ አሸንፏል፣ 323 ኢኒንግ ወርውሯል። ክርኑ ግን በመገጣጠሚያ ብግነት አልቆ ነበር። መርፌ እየተወጋ፣ የሚያቃጥል ቅባት እየተቀባ፣ ከጨዋታ በኋላ ክንዱን በረዶ ውስጥ እየነከረ ቆየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ በ30 ዓመቱ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ አቆመ። ከቤዝቦል በኋላ ብዙ ዓመት እንደሚኖርና ያኔም አካሉን ሙሉ በሙሉ መጠቀም እንደሚፈልግ ለጋዜጠኞች ነገራቸው።

ስምንት ዓመት አለፈ። እዚያው ዶጀርስ ቤት ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪ የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰበት። የቡድኑ ሐኪም ፍራንክ ጆብ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 በወርዋሪ ላይ ተደርጎ የማያውቅ ነገር ሞከረ፤ ከጆን ቀኝ ክንድ ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ አጥንት ላይ በበሳቸው ቀዳዳዎች አሳልፎ አሰረው። ሐኪሙ ራሱ የመመለስ ዕድሉን ከመቶ አንድ ብሎ ነበር የገመተው። ጆን የ1975ን ዓመት በሙሉ ሲያገግም ቆይቶ በ1976 ተመለሰ፤ 46 ዓመት እስኪሞላው ወረወረ። በሙያው ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱን ያገኘው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው የሚጠራው በሐኪሙ ስም ሳይሆን በታካሚው ስም ነው። በየዓመቱ ብዙ ወርዋሪዎች ይደረግላቸዋል፤ ገና ትምህርት ቤት ያሉ ልጆችም ከመካከላቸው አሉ። የአጥንት ሐኪሞችን በጣም የሚያሳስባቸው አንድ አስተሳሰብ አለ። አንዳንድ ወጣቶችና ወላጆች ቀዶ ሕክምናው ክንድን ከቀድሞው የበለጠ ብርቱ ያደርጋል ብለው ያምናሉ። አያደርግም። ከአንድ ዓመት በላይ ማገገሚያ ይጠይቃል፣ ከታከሙትም ወደነበሩበት የማይመለሱ አሉ።

## ቁጥሩን ማን ይያዝ?

ስትራስበርግ በሴፕቴምበር 2010 ተመሳሳዩ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመለሰ። በ2012 የናሽናልስ አመራር አስቀድሞ ቃል ገባ፦ ይህ ክንድ በዚህ ዓመት ከተወሰነ ኢኒንግ በላይ አይወረውርም፣ ቡድኑ የትም ቢደርስ።

ቡድኑ ያልተጠበቀ ቦታ ደረሰ። ለብዙ ዓመታት ታች የነበረው ናሽናልስ በዚያ ዓመት ምድቡን መራ። ስትራስበርግ 15 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በሴፕቴምበር ወር 159 ኢኒንግ ላይ ሲደርስ አመራሩ ቃሉን ጠብቆ አስቀመጠው። ወርዋሪው ውሳኔውን እንዳልወደደው አልደበቀም። ቡድኑ ያለ እሱ ወደ ዋንጫው ማጣሪያ ገባ፤ በወሳኙ ጨዋታ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። ደጋፊዎች ዋንጫ በየዓመቱ አይመጣም ይላሉ፤ ሜዳው ላይ ያለ ተጫዋች መጫወት አለበት። የቀድሞ ወርዋሪዎችም ብዙዎቹ በዚህ ይስማማሉ፤ በእነሱ ዘመን ክንድ የሚቆጥር አልነበረም፣ ጨዋታ የጀመረ ጨዋታ ይጨርስ ነበር። ሐኪሞች ደግሞ ያ ዘመን የሚታወሰው በተረፉት ነው ይላሉ፤ በሃያ አምስት ዓመታቸው ክንዳቸው አልቆ ወደየመንደራቸው የተመለሱትን ማንም አይቆጥራቸውም።

እኔ በዚህ ክርክር ከቆጣሪዎቹ ጋር ነኝ። የ24 ዓመት ወጣት ሁልጊዜ ልወርውር ይላል፤ ጓደኞቹ ያዩታል፣ ሕዝቡ ይጠራዋል፣ ሕመሙን መናገር ደግሞ ያሳፍረዋል። ክንዱን ከራሱ ፍላጎት የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። የናሽናልስ አመራር ያን ሰው ሆነ፤ በገዛ ደጋፊዎቹ መወቀስንም ተቀበለ። እንዲህ ያለ ነገር በስፖርት ውስጥ ብዙ አይታይም።

> ክንዱን ከራሱ ፍላጎት የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

## ከአውቶቡስ እስከ ጉብታ

የስትራስበርግ መንገድ አጭር ነበር። የአብዛኞቹ ወርዋሪዎች መንገድ ግን ረዥም ነው። በትልቁ ሊግ ሥር በየደረጃው የተደራጁ ትንንሽ ሊጎች አሉ፤ ወጣቱ ከታችኛው ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በአነስተኛ ከተሞች መካከል በአውቶቡስ ሌሊቱን ይጓዛል፤ አንድ ቤት ለብዙ ይከራያሉ። ተጫዋቾቹ በ2022 ወደ ማኅበር ገብተው በ2023 የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት እስኪፈርሙ ድረስ፣ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ተጫዋች ዝቅተኛ ክፍያው በዓመት 17,500 ዶላር ነበር። ስምምነቱ ወደ 35,800 አሳደገው። አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ በትልቁ ሊግ፣ ዝቅተኛው ክፍያ በ2024 740,000 ዶላር ነበር። ክንዱ ላይ የሚሰማውን ሕመም የሚደብቅ ወጣት ለምን እንደሚደብቅ ከዚህ ልዩነት መረዳት ይቻላል።

ከአሜሪካ ውጭ ያለው መንገድ ደግሞ የሚጀምረው በልጅነት ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሠላሳዎቹም የትልቁ ሊግ ቡድኖች ማሠልጠኛ አላቸው፤ ልጆች በ16 ዓመታቸው ይፈርማሉ። ፓናማ ውስጥ ፖርቶ ካይሚቶ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የወጣው ማሪያኖ ሪቬራ የኒው ዮርክ ያንኪስ የመጨረሻ ኢኒንግ ወርዋሪ ሆኖ 652 ጨዋታዎችን በድል ዘግቷል፤ በ2019 ወደ ቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ በሙሉ ድምፅ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። እሱ ከሞላ ጎደል በአንድ የውርወራ ዓይነት ነው የኖረው፤ መጨረሻ ላይ በትንሹ ወደ ጎን የምትሸሽ ፈጣን ኳስ። እንደምትመጣ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ በትክክል የሚመታት ግን ጥቂት ነበር።

ክንዱ ሳይደክም መንገዱ የተዘጋበትም አለ። ሳቸል ፔጅ በጥቁሮች ሊግ ለሃያ ዓመታት ያህል ሲወረውር ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ ነበር፤ ትልቁ ሊግ ግን ጥቁር አያስገባም ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላ በ1948 ከክሊቭላንድ ጋር ሲፈርም 42 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቡድኑ ሻምፒዮን ሆነ። በ1965፣ በ59 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ አንድ ጨዋታ ጀምሮ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። የዚህ ሰው ሙያ ከፊሉን የወሰደበት ጉዳት አልነበረም፤ የወሰዱበት ሰዎች ናቸው።

## ጫፉና ቁልቁለቱ

በ2019 ስትራስበርግ ሙሉ ወርዋሪ ሆኖ ነበር። ፍጥነቱ ከወጣትነቱ ቀንሷል፤ በምትኩ ዕውቀት ገብቷል። በዓመቱ መጨረሻ ማጣሪያዎች አምስት ጨዋታ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ወርዋሪ የለም። በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ፣ ናሽናልስ አንድ ተጨማሪ ሽንፈት ቢደርስበት ዋንጫው ያመልጠው ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግ ስትራስበርግ ላይ ሁለት ነጥብ ተቆጠረ። የወርዋሪዎች አሰልጣኙ አንድ ነገር አየ፤ ስትራስበርግ ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ሲይዛት የሚወረውረው ዓይነት ይታወቅበት ነበር። ነገረው። ከዚያ በኋላ ከመወርወሩ በፊት ጓንቱን እያንቀጠቀጠ ሚስጥሩን ሸፈነ፤ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሌላ ነጥብ አልሰጠም። በማግስቱ ናሽናልስ ዋንጫውን ወሰደ። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ ያየችው የመጀመሪያው ነው። የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ስትራስበርግ ተባለ።

በዲሴምበር 2019 ናሽናልስ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። መጀመሪያ የእጁ አንጓ ነርቭ ታወከ። ቀጥሎ የባሰው መጣ፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች በአንገት ሥር አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ተጨመቁ። በ2021 ሐኪሞች አንድ የጎድን አጥንትና ሁለት የአንገት ጡንቻዎች አወጡለት። ጁን 9 ቀን 2022 ማያሚ ላይ አንድ ጊዜ ሞከረ፤ የመጨረሻው ጨዋታው ሆነ። በኤፕሪል 2024 ከሙያው መሰናበቱ ይፋ ሲሆን ዕድሜው 35 ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ የኪሳራ ታሪክ ያደርጉታል፤ በ2012 የተጠበቀው ክንድ መጨረሻው ይኸው ከሆነ መቁጠሩ ምን ጠቀመ ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። በ2012 የተጠበቀው ክንድ በ2019 ዋንጫ አመጣ። በመሐል ሰባት ዓመት ሠርቷል። ክንድን መጠበቅ ክንድን ዘላለማዊ አያደርገውም፤ ዓመታት ይጨምርለታል። ሙያው የሚሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው።

> ክንድን መጠበቅ ክንድን ዘላለማዊ አያደርገውም፤ ዓመታት ይጨምርለታል።

## ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ላሉት

የትልቁ ሊግ አስተዳደር በዲሴምበር 2024 ስለ ወርዋሪዎች ጉዳት ያወጣው ጥናት ዋናውን ምክንያት በግልጽ አስቀምጧል፤ ሁሉም በፍጥነት ላይ ተጠምዷል፣ እያንዳንዷም ኳስ በሙሉ ኃይል ትወረወራለች። በ2008 የፈጣን ኳስ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2024 ከ151 አልፏል። ጥናቱ ችግሩ ከላይ ብቻ እንዳልሆነም ያሳያል፤ ልጆች መልማዮች የሚያዩት የፍጥነት መለኪያውን መሆኑን ስለሚያውቁ ክንዳቸው ሳይጠና እሱን ለማርካት ይወረውራሉ።

የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣ አባት እግር ኳስና ሩጫ እያየ አድጓል፤ ልጁ ቤዝቦል ሲመርጥ ሕጉን ከልጁ ይማራል። አሰልጣኙ ዛሬም ይወርውር ሲለው ያምነዋል፤ ማመኑ ክፉ አይደለም። ግን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የሊጉ አስተዳደርና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 ያወጡት መመሪያ ዕድሜው 9 ወይም 10 የሆነ ልጅ በአንድ ቀን ከ75 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ይመክራል፤ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆች ገደቡ 85 ነው። ከ65 ኳስ በላይ የወረወረ ልጅ አራት ቀን ማረፍ አለበት። አንድ ልጅ በሁለት ቡድን ሲጫወት ደግሞ ሁለቱ አሰልጣኞች አንዱ የሌላውን አይቆጥርም፤ የሁለቱን ድምር የሚያውቅ ሰው ወላጁ ብቻ ነው።

ወጣት ወርዋሪዎችን ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት በዓመት ከ100 ኢኒንግ በላይ የሚወረውሩት የመጎዳት ዕድላቸው በሦስት ተኩል እጥፍ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ሌላ ጥናት ደግሞ ክንዳቸው ደክሞ ሳለ አዘውትረው የሚወረውሩ ልጆች ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ከቁጥሮቹ ሁሉ መያዝ ያለበት ይህ የመጨረሻው ነው፤ አደጋው ከድካም ጋር ይመጣልና። የደከመ ልጅ ራሱን ያሳውቃል፤ ኳሱ ከፍ ከፍ ትላለች፣ ክርኑ ይወርዳል፣ በየውርወራው መሐል ክንዱን ያሻሻል።

የስትራስበርግ ክንድ ሐኪም፣ አሰልጣኝ፣ አመራርና ሚሊዮኖች ነበሩት፤ ቢሆንም አለቀ። በመናፈሻው ሜዳ የሚወረውረው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ያለው ወላጁ ነው። ወላጁ ጨዋታውን ባያውቅም ኳስ መቁጠር ይችላል፤ ልጁን አመመህ ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ አዎ ካለው ወደ አሰልጣኙ ሄዶ ዛሬ ይብቃው ማለት ይችላል። ያቺ አንድ ቃል ልጁን አንድ ጨዋታ ታሳጣዋለች፤ ክንዱን ግን ታቆይለታለች።